ጦርነቱን የሚጨርስ ነገር

አይሱዙው የደብረ ብርሃንን የመጨረሻ ቤቶች ጥሎ የአንኮበርን መንገድ ሲይዝ፣ ሾፌሩ ኤፍሬም መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ከጣርማበር በኩል የሚመጣው የመድፍ ድምፅ ዛሬም አላቋረጠም። ባዶ ጎተራ ውስጥ ድንጋይ እንደሚንከባለል ያለ ነበር። ይንከባለልና ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብሳል።

«ትናንት ከዚህ ይርቅ ነበር» አለ ኤፍሬም።

መሰረት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያቺን የቴሌ ሴት ትሰማ ነበር። ሴትየዋ ረጋ ባለ ድምፅ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ትነግራታለች፤ መሰረት ትዘጋና እንደገና ትደውላለች። ባሏ ጌታሁን የስፖርት መምህር ነው። የክተት ጥሪው የታወጀ ሰሞን ከሠፈሩ ጎረምሶች ጋር ዘምቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከመንዝ በኩል ነበር። «ደህና ነኝ፤ ብርዱ ነው እንጂ» አለና ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም።

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር። ከደብረ ብርሃን ሰው በየአቅጣጫው ይወጣል፤ ወደ ደብረ ብርሃንም ከሰሜን የተፈናቀለ ሰው ይገባል። መሰረት በከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። አያቷን ወደ ትውልድ ቀያቸው አድርሳ ልትመለስ ነው መንገዱን የጀመረችው፤ ለምን እንደምትመለስ ግን ለራሷም አልነገረችም።

አያቷ የሃምሳ አለቃ ዘርአ ዳዊት በእሷና በሾፌሩ መካከል ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ዘጠናን አልፏል። በጃንሆይ ዘመን ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተው፣ ቆስለው የተመለሱ ሰው ናቸው። የዚያን ጊዜውን ካፖርት ለብሰዋል። ኒሻኖቻቸውን በውስጥ በኩል፣ ገበሩ ላይ ሰክተዋቸዋል፤ በውጭ ቢያደርጓቸው መንገድ ላይ ይነጥቁኛል ብለው ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከካፖርቱ ውስጥ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል።

ከኋላ፣ ከፍራሽና ከተገለበጠ ቡፌ ጋር፣ አልታየች ከሁለት ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ከወለጋ ቤቷ ተቃጥሎ፣ ባሏን እዚያው ቀብራ፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ ጣቢያ የገባች ሴት ናት። አሁን ደግሞ መጠለያውን ጥላ መሸሿ ነው። መሰረት እርዳታ ስታከፋፍል ነበር የተዋወቀቻት። ዛሬ ጠዋት መንገድ ዳር አይታት «አቁም» አለች፤ ኤፍሬምም አቆመ።

«ቲቸር» አለ ኤፍሬም፣ ዝምታው ሲከብደው፤ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ አሜሪካ ጃፓን ላይ የጣለቻት ቦምብ... አንዷ ብትኖረን ዛሬ እንሰደድ ነበር?»

«ሁለት ናቸው የተጣሉት።»

«ሁለቱም ይኑሩና! ከዚያ ወዲያ ማን ይተኩሳል? አለቀ በቃ።»

መሰረት በየዓመቱ አሥራ አንደኛ ክፍሎችን የአቶም ምዕራፍ ላይ ስታደርስ ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ታከራክር ነበር። ቦምቡ መጣሉ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ልጆቹ ይጯጯኻሉ፤ እሷም መጨረሻ ላይ የራሷን ትናገራለች። «ክፉ ነገር ነው። ግን ጦርነቱ ቢቀጥል ኖሮ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ያልቅ ነበር። ጨረሰው» ትላለች። ጌታሁን ከዘመተ ወዲህ ይህች ቃል አልጋዋ ድረስ ትከተላታለች። የሚጨርሰው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ብቻ ይጨርሰው።

«አለቀ በቃ» አለች እሷም፣ ለኤፍሬም ሳይሆን ለራሷ።

አያቷ ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ለሾፌሩ «መንገዱን እይ፣ ልጄ» አሉት።

ጎረቤላ ኬላ ላይ መንገዱ በገመድ ተዘግቶ ነበር። ዱላና አሮጌ ጠመንጃ የያዙ የሠፈር ልጆች መታወቂያ አዩ፤ ፍራሹን ገለበጡ፤ አልታየችን ከየት እንደመጣች ደጋግመው ጠየቋት። ሃምሳ አለቃ ካፖርታቸውን ገለጥ አድርገው ኒሻኑን ሲያሳዩአቸው ነው ገመዱ የወረደው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ከተራራው አፋፍ ሥር፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ወይራ አፋፍ የምትባል መንደር አለች። የሃምሳ አለቃ የመጨረሻ ልጅ፣ የመሰረት አጎት አንዳርጌ የሚኖረው እዚያ ነው።

አንዳርጌ ክላሹን አንግቶ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ከመሰረት ብዙ አይበልጣትም፤ እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖ ነው አብሯት ያደገው። የአባቱን ጉልበት ስሞ፣ እሷን አቅፎ ሳማት። ሲለቃት ዓይኑ ሥር የእንቅልፍ እጦት አየች። የመንደሩን ሚሊሻ የሚመራው እሱ ነበር።

«ጌታሁን ደወለ?»

«አልደወለም፣ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀና «ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ እግዜር ነው በዛሬው ቀን የላከሽ» አላት።

የገበሬዎቹ መጋዘን ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አንዳርጌ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ከፈተ። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የሚያስነጥስ ሽታ አለው። ከማዳበሪያ ከረጢቶች ጀርባ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ቆመዋል።

«አንበጣው የመጣ ጊዜ ያመጡት ነው» አለ አንዳርጌ። «የተረፈውን እንወስዳለን ብለው ቀሩ። ጊዜውም አልፎበታል ይላሉ። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

መሰረት ጎንበስ ብላ የተላላጠውን ጽሑፍ አነበበች። የአንበጣ መርዝ እንደሆነ ወዲያው አወቀች።

«ለምንድን ነው?»

ከበሩ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ጠቆማት። ምንጩ የጎለበተ ነው፤ በሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጠራቀምና በቧንቧ ወደ መንደሩ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል።

«በዚህ ከወረዱ ከዚህ ምንጭ በቀር እስከ ወንዙ ድረስ ውሃ የላቸውም። እዚህ ነው የሚሰፍሩት። እኛ ቀድመን ሰዉን እናስወጣለን። እነሱ ይጠጣሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሃያ ጠመንጃ አላቆማቸውም፣ መሲ። ይሄ ግን ያቆማቸዋል። ስንት ሰው ይተርፋል? ጌታሁንስ? እዚህ የወደቀ ጦር መንዝ ላይ አይወጋውም። ልጄ ሣራ አንቺ ጋ ተቀምጣ ስትማር የነገረችንን አልረሳሁትም፤ እሳት ዳር ሆና ስለዚያ ቦምብ ያልሽውን ስታወራልን ነበር። ክፉ ነው፣ ግን ጨረሰው። እንዲያ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያ ንገሪኝ። ይበቃል ወይ?»

መሰረት ወደ በርሜሎቹ፣ ከዚያ ወደ ማጠራቀሚያው አየች። የማጠራቀሚያውን ወርድና ቁመት በዓይኗ ለካች። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ እንደምታደርገው ሁሉ አእምሮዋ በራሱ ማስላት ጀመረ፤ አላስቆመችውም። የጌታሁን ፊት ታያት፤ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያራግፍ።

«ይበቃል» አለች።

አንዳርጌ እፎይ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እሷም ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ነገር በእጇ ገባ፤ ሽሽት ያልሆነ፣ ስልክ መጠበቅ ያልሆነ ነገር። ከመጋዘኑ ስትወጣ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገችው፤ በርሜሎቹን እኮ አልነካችም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከማጠራቀሚያው አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰቡ። አንዳርጌ ሐሳቡን አልደበቀም፤ በግልጽ አስረዳ። ሲጨርስም «ይበቃል ያለችን የተማረችው ልጃችን ናት» አለ። ሁሉም ወደ መሰረት ዞረ። እሷ መሬት መሬት አየች።

መጀመሪያ የተናገሩት የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ነበሩ። በቅሎአቸውን አስረው ወሬ ሊሰሙ አረፍ ብለው ነው ነገሩ ላይ የደረሱት።

«ሱብሃነላህ! ይሄ ቧንቧ ወደኛ አይደል የሚወርደው? ገበያተኛው ሁሉ ከዚህ ነው የሚጠጣው።»

«እናስነግራለን፣ ሐጂ።»

«ለማን ታስነግራለህ? ሸክሙን ይዞ ከበረሃ ለሚመጣ አፋር ማን ይነግረዋል? ለሕፃን ማን ይነግረዋል? ለከብቱስ?»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ሐጂ። ሌላ መላ ካለዎት ያምጡ።»

ከሴቶቹ መካከል የተቀመጠችው አልታየች ብድግ አለች። ታናሹን ልጅ አዝላዋለች።

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ሲመጡብን ሽማግሌዎቻችን ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው እያሉ ሲመክሩ ዋሉ። የመጡት ሰዎች ግን አልመከሩም። ባሌን በራችን ላይ... እኔ ያን ጊዜ መርዝ ቢኖረኝ ኖሮ እሰጥ ነበር። ማን ጠጣው፣ ማን ቀረ ብዬም አልጠይቅ ነበር። ነውር የሚሉት ቤታቸው ያልተቃጠለ ናቸው።»

መሰረት ልቧ ለሁለት ሲሰነጠቅ ተሰማት፤ ይህች ሴት የምትናገረው የእሷኑ የሌሊት ሐሳብ ነው፤ ከሰው አፍ ሲወጣ ግን አስፈራት።

ሃምሳ አለቃ ዘርአ ዳዊት በከዘራቸው መሬቱን ቆረቆሩ።

«ልጄ እውነቷን ነው» አሉ። «እኔም እንደዚያ ብዬ አውቃለሁ። ኮርያ ተራራ ላይ ቻይናዎቹ ጥሩምባ እየነፉ፣ በጨለማ እንደ ጎርፍ ሲመጡብን፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ የምንባባለው አንድ ነገር ነበር፤ ይቺ አሜሪካ ቦምቡን ምን ልታደርገው ነው የምታስቀምጠው? ለምን አትጥለውም? ያላለ ወታደር አልነበረም። አገራችን መግባት ነበር የምንፈልገው።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ስቆስል አንድ የአክሱም ልጅ በጀርባው ተሸክሞ አወረደኝ። ከዚያ ጃፓን ወሰዱኝ፤ ቶኪዮ ሆስፒታል። ወለሉን የሚጠርግ አንድ ሰው ነበር። የዚያች የተቃጠለችው ከተማ ሰው ነው አሉኝ። እኔም ወጣት ነኝ፤ አፌ አያርፍም። እንግሊዝኛ በሚችል መኮንናችንና በአንዲት ነርስ በኩል አስጠየቅኩት። ቦምቡ ጦርነቱን ጨርሶታል አይደለም ወይ? አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ አዎ፣ ጨርሶታል አለ። ወንድሜ ወታደር ነበር፤ ጦርነቱ በማለቁ ከነነፍሱ ገባ። የገባው ግን ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት አይደለም፤ ከተማ ወደነበረበት ሜዳ ነው። ይሄንን አለኝና መጥረጊያውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።»

ነፋሱ ወይራውን አንቀሳቀሰው። ከላይ፣ ከተራራው ወዲያ፣ ያ የሚንከባለል ድምፅ መጣና ቆመ።

«አባባ» አለ አንዳርጌ፣ በተጨነቀ ድምፅ፤ «እሱ ጃፓን ነው። ይሄ ቤታችን ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ውሃውም የቤታችን ነው።»

ሸንጎው ሳይስማማ ተበተነ። ግማሹ አንዳርጌን ደገፈ፤ ግማሹ ፈራ። አንዳርጌ ግን ቁልፉን አንገቱ ላይ መልሶ «ከጎረቤላ በኩል የመጀመሪያው ጥይት ሲሰማ አደርገዋለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን» ብሎ ወደ ሚሊሻዎቹ ሄደ።

መሰረት አያቷን ደግፋ ወደ ቤት አስገባቻቸው። ምን አድርጊ ይሉኝ ይሆን ብላ ፊታቸውን አየች። እሳቸው ግን እግራቸውን ዘረጉላት። ጫማቸውን አውልቃ እግራቸውን በጋቢ ጠቀለለችላቸው። ይበቃል ያለችው እሷ ናት። ከእሷ ቃል በፊት አንዳርጌ ዘንድ የነበረው የገበሬ ጥርጣሬ ብቻ ነበር።

«ጌታሁን ይገባ ይሆን፣ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

አንዳርጌን ሚሊሻዎቹ ዘንድ አገኘችው። «ቁልፉን ስጠኝ፤ መድኃኒቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ልየው» አለችው። ዓይኗን እያየ፣ ምንም ሳይጠራጠር፣ ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። ከሁሉ በላይ የከበዳት ይህ ነበር።

ኤፍሬም የመኪናውን ጎማ ሲያይ ደረሰችበት። የምትፈልገውን ስትነግረው ከጎማው ቀና አለ።

«ወደ ላይ? ቲቸር፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች እየሸሸ እኛ መርዝ ጭነን ወደ ላይ?»

«ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ውስጥ የብረት በር ያለው ክፍል አለ። እዚያ እቆልፍበታለሁ።»

«ከተማው ቢያዝስ?»

«አላውቅም፣ ኤፍሬም። እዚህ እንዳይሆን ብቻ ነው የማውቀው።»

ኤፍሬም ጎማውን በእግሩ መታው። ከዚያ «አሁን የቦምቡን ወሬ ማን አንሣ አለኝ?» ብሎ በራሱ ተበሳጭቶ መኪናውን ወደ መጋዘኑ አዞረ።

በርሜሎቹን በጣውላ ላይ እያንከባለሉ ሲጭኑ አልታየች ከነልጆቿ መጣችባቸው። ወዲያው ገባት። አንድ ጊዜ ብትጮህ መንደሩ ይሰበሰባል። መሰረት ቆማ ጠበቀቻት።

«ባልሽ እዚያ ነው» አለች አልታየች። «እንዲህ የምታደርጊው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ባል ቢኖረኝ አላደርገውም ነበር።» ልጇን በጀርባዋ አስተካክላ፣ ታላቁን በእጁ ይዛ ዞረች። አልጮኸችም። ደህና ሁኚም አላለቻትም።

መኪናው ከመንደሩ ሊወጣ ሲል አንዳርጌ መንገዱ መሐል ቆሞ ነበር። ክላሹን አውርዷል። ኤፍሬም ፍሬን ያዘ፤ በርሜሎቹ ከኋላ ተጋጩ። መሰረት ወረደች። የመኪናውን በር ያዘች።

«አውርጂው፣ መሲ።»

«አላወርድም፣ ጋሼ።»

«ከመጡ ቤቴ ይቃጠላል። እነዚህ ሕፃናት... በእጅሽ ነው። ሰማሽ? በእጅሽ ነው የሚሆነው።»

«አዎ» አለች። «በእጄ ነው።»

እንድትከራከረው ጠብቆ ነበር። ጠመንጃውን ወደ መኪናው ጎማ አነጣጠረ። ጣቱ ላይ ያለው ቀለበት ሳይቀር ይታያታል። ከዚያ አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ። ከመንገዱ ሲወጣ ፊቱን አዙሮ ነበርና ያለቅስ እንደሆነ አላየችም።

ዳገቱ ላይ የሚሸሸው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አህያ የሚነዱ፣ አሮጊት በቃሬዛ የተሸከሙ፣ ታቦት አጅበው የሚወርዱ ካህናት። «ወዴት ነው? ዙሩ!» እያሉ ይጮኹባቸዋል። ኤፍሬም ጥሩምባውን እየነፋ በመካከላቸው ይሰነጥቃል። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር በርሜሎቹ ይጮኻሉ፤ መሰረትም በጮኹ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ተሳስቼ ቢሆንስ? ዛሬ ማታ በዚያ ቢወርዱስ? ጌታሁንን የገደልኩት እኔ ብሆንስ? ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድም መልስ አላገኘችም። መኪናው ግን ወደ ፊት ይሄድ ነበር፤ ዙር አላለችውም።

በርሜሎቹን ቆልፋ፣ ከተማው ውስጥ ቀረች።

ጦሩ በወይራ አፋፍ አልወረደም። ብዙም ሳይቆይ ነፋሱ ተገለበጠና ውጊያው ወደ ሰሜን ተመለሰ። ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደየቤቱ ገባ። የጌታሁን መርዶ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። መንዝ ውስጥ፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ወድቆ፣ አብረውት የዘመቱት ልጆች እዚያው ቀብረውታል። የወደቀውም መሰረት መንገድ ላይ በነበረችበት ሰሞን ነበር።

ለለቀስተኛ ድንኳን ተተከለ። ሰው እየመጣ ያጽናናታል። ነገሩን የሰሙ አንዳንዶች ደግሞ በጆሮዋ «እነሱ እኮ በዚያ አልመጡም፤ ውሃው ቢመረዝም ለሱ የሚጠቅመው አልነበረም፤ አይጸጽትሽ» ይሏታል። በፍቅር ነው የሚሉት። እሷ ግን ይህን ማጽናኛ መቀበል አቃታት። ያን ቀን በየት እንደሚመጡ አታውቅም ነበርና።

አንዳርጌ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ድንኳኑ በር ላይ ለአፍታ ቆሞ፣ ከወንዶቹ ጋር ሳይሆን ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ከስቷል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አላት። «ያን ለት በእኛ በኩል ቢመጡስ ኖሮ? ጌታሁንም የሚተርፍ ቢሆን ኖሮ?»

መሰረት የጌታሁንን ጃኬት ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛ ነበር። ጃኬቱን ፊቷ ላይ አደረገች። አንዳርጌም ጠበቃት።

«ቢመጡም» አለች።

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። ተነሥቶ ይሄዳል ብላ ነበር፤ እሱ ግን ጫማውን አውልቆ፣ ሰሌኑ ላይ ተጠጋና ከጎኗ ተቀመጠ።